ሦስተኛውን እዘዝ

ሐኪም ሳያየው የሚሞት ሰው ይኖር ይሆናል፤ ምክር ሳይሰጠው የሚኖር ግን እስካሁን አልተፈጠረም። እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ አማካሪ አለው። አልጠራችሁትም፣ አልቀጠራችሁትም፤ ግን አንድ ጠርሙስ ወይን በጋዜጣ ጠቅልላችሁ ስታልፉ ካየ "ስንት ገዛኸው?" ማለቱ አይቀርም። ስትነግሩት ደግሞ መርዶ እንደሰማ ሰው ራሱን ይነቀንቃል።

የዚህኛው ሰፈር አማካሪ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሱቃቸው በዳቦ ቤቱና በጫማ አዳሹ መካከል የተሰነቀረች፣ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያና አንድ ረጅም መስታወት ከያዘች በኋላ ለሰው የሚተርፍ ቦታ ብዙም የሌላት ክፍል ናት። ጎረቤቱ ሁሉ "ክቡር አማካሪ" ይላቸዋል። መጀመሪያ ላይ ለፌዝ ነበር፤ እየቆየ ፌዙ ተነነና ማዕረጉ ቀረ። "ጋሼ" የምትላቸው ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጓት የእህታቸው ልጅ ብቻ ናት። ዛሬ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ ደም ትመረምራለች። ሥራ የምትገባው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ሱቁ ውስጥ ቁልፍ ትተክልላቸዋለች። ምክሩን ሁሉ በቃሏ ታውቀዋለች፤ ሰልችቷታልም።

ክቡር አማካሪ ይግባኝ የማይባልበት ፍርድ የሚሰጡት በወይን፣ በምግብ ቤትና በመንገደኛ ገንዘብ ላይ ነው። ፍርዱ ከመነበቡ በፊት በከንፈራቸው የያዙትን ስፒል አውጥተው ደረታቸው ላይ ይሰካሉ። ይህን ጊዜ ደንበኛው ነገሩ ከባድ መሆኑን ይረዳል።

"እኔን ስማኝ" ይላሉ። "ዝርዝሩ ላይ አንደኛው ርካሽ ወይን የተጻፈው ለስስታም ነው። ሁለተኛው ስስታም እንዳይባል ለሚፈራ ነው፤ ይህንን ባለቤቱም ያውቃል፣ ትርፉን የቆለለው እሱ ላይ ነው። አንተ ሦስተኛውን እዘዝ። ብርጭቆውን ደግሞ ከግማሽ አሳንስ። ወይን መተንፈሻ ካልተተወለት ይጎመዝዛል።"

ምግብ ቤት የሚመዝኑት በሙያቸው ነው። "መጋረጃውን ገልበጥ አድርገህ ጠርዙን እይ። መጋረጃውን ሳይቀመቅም የሰቀለ ቤት ሽንኩርቱንም አድቅቆ አይከትፍም!" በዚህ ሚዛን አልፎ የተመሰከረለት አንድ ቤት ብቻ ነው፤ ከወንዙ ማዶ ያለው ባለ አረንጓዴ በሩ። በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ጠረጴዛ፣ ዓሣው ከነአጥንቱ። "አጥንቱን አውጥቶ የሚያቀርብ የሚደብቀው ነገር አለ" ይላሉ። ሙሽሮችን ወደዚያ ልከዋል፣ ጡረታ የወጡ መምህራንን ልከዋል፣ በውርስ የተጣሉ ወንድማማቾችን ሳይቀር ልከዋል፤ እነሱም ታርቀው ተመልሰዋል። ሳይታረቁ ስለተመለሱት ደግሞ አይነሳም።

የመንገደኛ ገንዘብን በተመለከተ ሕጉ አጭር ነው፤ ሻንጣ በሚንከባለልበት ቦታ ገንዘብ አይመነዘርም። ሁለተኛው ሕግ ግን በመርፌና በክር የሚፈጸም ነው። "ገንዘብ ሦስት ቤት ያስፈልገዋል። አንዱን ሌባ ያገኘዋል፣ አንዱን አንተ ታገኘዋለህ፣ አንዱን ፈጣሪ ብቻ ያውቀዋል።" ይሉና የመንገደኛውን ኮት ተቀብለው ገበሩን ይተረትራሉ። ለዚህ ሥራ ዋጋ አይጠይቁም። እምቢ ያለ መንገደኛ ግን ኮቱን ለብሶ ከሱቁ የወጣበት ጊዜ የለም።

ዘንድሮ ተራው የእህታቸው ልጅ ሆነ። መሥሪያ ቤቷ ለአሥር ቀን ሥልጠና ባሕር ማዶ ላካት። ክቡር አማካሪ ሦስት ቀን ሱቃቸውን ለደንበኛ ዘግተው ጃኬቷ ላይ አቀረቀሩ። ስትለብሰው ምንም አይታወቅም። ሦስተኛውን ኪስ በሦስት መስመር ስፌት፣ በሰም በታሸ ክር ደፍነውታል።

"ጋሼ፣ ይኼን እንዴት ነው የምከፍተው?" አለቻቸው።

"አትከፍቺውማ የኔ እናት። ቁም ነገሩ እሱ አይደል?"

በመጨረሻው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ ለብቻዋ አንድ ምግብ ቤት ገባች። ወደደችም ጠላችም ዓይኗ መጋረጃው ጠርዝ ላይ አረፈ። ሦስተኛውን ወይን አዘዘች፤ መልካም ነበር። ሒሳቡ ሲመጣ ግን የመጀመሪያው ኪስ ባዶ፣ ሁለተኛው ጎደሎ ሆኖ ተገኘ። ጃኬቷን አውልቃ ገበሩን በጥፍሯ ሞከረች። በጥርሷ ሞከረች። በገበታ ቢላ ሞከረች፤ ቢላው ተጣመመ። በመጨረሻ አስተናጋጁ ወደ ጓዳ ወሰዳትና ምግብ አብሳዩ፣ ግዙፍ ሰውዬ፣ ዶሮ በሚቆርጥበት መቀስ እያላበው ስፌቱን ተረተረው። ሲጨርስ ክሩን በብርሃን ገልብጦ አየና በራሱ ቋንቋ አንድ ነገር አለ። ቃሉ ባይገባትም አድናቆት መሆኑ ገባት።

ከገንዘቡ ጋር አንዲት ቁራጭ ጨርቅ ወጣች። የጋሼ ጽሕፈት ነው፤ "ሦስተኛውን አዘዝሽ? ጣዕሙን ደህና አድርገሽ ያዢልኝና ነይ።"

ከት ብላ ሳቀች። ማረፊያ ክፍሏ ስትደርስ ግን ሳቁ ጠፋ። ወይን የሚያውቅ ሰው ጣዕም ይዛችሁልኝ ኑ ይላል እንዴ? አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ሱቁን አሰበችው። ደንበኛው መስታወቱ ፊት እጁን ዘርግቶ ይቆማል። ጋሼ ሜትሩን ከትከሻው እስከ አንጓው እየዘረጉ "ያ የሄድክበት ቤት እንዴት ነበር?" ይላሉ። እጁን ዘርግቶ የቆመ ሰው ከማውራት በቀር ምን ይሠራል? ዓሣውን ይነግራቸዋል፣ ወይኑን ይነግራቸዋል፣ የአስተናጋጁን ጫማ ሳይቀር ይነግራቸዋል። በማግስቱ ያው ወሬ ለሌላው ደንበኛ ምክር ሆኖ ይወጣል። የሰማ ላልሰማ ያሰማ ይባል የለ? ደግሞም በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ቤታቸው ውስጥ አንድ ጠርሙስ ወይን አይታ አታውቅም።

እንደተመለሰች፣ "ጋሼ፣ እሁድ ምሳ ልጋብዝህ። ባለ አረንጓዴ በሩ ቤት፣ ሦስተኛው ጠረጴዛ" አለቻቸው።

የመጀመሪያው እሁድ ወገባቸውን አመማቸው። ሁለተኛው እሁድ የማይመጣ እንግዳ ጠበቁ። በሦስተኛው፣ ምክንያት ሲያልቅባቸው፣ ከሃያ ዓመት በፊት ለራሳቸው የሰፉትን ኮት ለበሱ። ወንዙን ተሻግረው ደረሱ፤ ክቡር አማካሪ የአረንጓዴውን በር እጀታ ይዘው ገፉ። በሩ ንቅንቅ አላለም። በትከሻቸው ገፉት። ከውስጥ ተመጋቢዎች ቀና ቀና አሉ።

"ጋሼ" አለች ቀስ ብላ፣ "ይሳባል።"

እጃቸውን ከእጀታው ላይ አነሱ። ፊታቸው ተለዋወጠ። እኚህ ሰው የራሳቸው ቤት የላቸው፣ መሬት የላቸው፤ ያላቸው ሀብት ቢኖር ሰው የሚያምናቸው መሆኑ ነበር፤ እሱም አሁን በር ላይ ወደቀ። ምን አቅብጦኝ አመጣኋቸው ብላ ራሷን ረገመች።

"ስለ ዓሣው ነግረውኛል" አሉ ጫማቸውን እያዩ። "ስለ ጠረጴዛው ነግረውኛል። ስለ በሩ ግን አንድም ሰው አልነገረኝ።"

"አንድም ቀን ገብተህ አታውቅም?"

"መቼ ልግባ? በሥራ ቀን ሥራ አለ። እሁድ ደግሞ ፀጉርሽን እጎነጉን ነበር።"

እውነት ነው። እሁድ እሁድ በጉልበታቸው መካከል አስቀምጠው፣ ማበጠሪያውን ከንፈራቸው ላይ እንደ ስፒል ይዘው፣ ግማሽ ቀን ይፈጅባቸው ነበር። እንደ ሱሪ ስፌት ጠበቅ አድርገው ስለሚጎነጉኑት ሰኞ ሰኞ ቅንድቧ ወደ ላይ ተስቦ፣ በሆነው ባልሆነው የምትደነቅ ልጅ መስላ ነበር ትምህርት ቤት የምትውለው። ዓይኗ እንባ ሞልቶ መግባትም መመለስም አቃታት።

"እንሂድ ጋሼ። ቤት እንበላለን።"

በሩን ቆም ብለው ተመለከቱት። "ከተሳበማ እንግባ" አሉና ሳቡት።

ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጡ አስተናጋጁ መጣ። "ከዚህ በፊት መጥተው ያውቃሉ?" ብሎ ጠየቃቸው። ልትዋሽላቸው አፏን ከፈተች፤ ቀደሟት።

"አላውቅም። ሦስተኛውን ወይን አምጣልኝ። ብርጭቆውን ከግማሽ አሳንሰው፣ ዓሣው ከነአጥንቱ ይሁን።"

አስተናጋጁ ፈገግ አለ። "አሃ! እርስዎንም ልብስ ሰፊው ናቸው የላኩዎት?"

ክቡር አማካሪ የኮታቸውን ቁልፍ መነካካት ጀመሩ።

"ልብስ ሰፊው እሳቸው ናቸው" አለች ልጅቷ።

አስተናጋጁ ወደ ጓዳ በረረ። ወዲያው አንዲት ጠና ያሉ ሴትዮ እጃቸውን በሽርጣቸው እያበሱ ወጡ። የቤቱ ባለቤት ናቸው። ደህና ዋሉ እንኳ ሳይሉ በቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄደው የመጋረጃውን ጫፍ አንስተው አመጡላቸው።

"ይኸው። ይዩት።"

"ምኑን?" አሉ ክቡር አማካሪ።

"ጠርዙን ነዋ! መጀመሪያ የላኩት ሰው ገብቶ ሳይቀመጥ መጋረጃዬን ገለበጠ። ያበደ መሰለኝ። ሁለተኛውም ገለበጠ። ሦስተኛው ሲገለብጥ መርፌና ክር ገዛሁ። ይኼው በዓመት ሁለት ጊዜ እያጠብኩ እንደ አዲስ እቀመቅመዋለሁ። አንድ ቀን ራሳቸው ይመጣሉ እያልኩ።"

ክቡር አማካሪ መነጽራቸውን አደረጉ። ጎንበስ ብለው ጠርዙን ከዳር እስከ ዳር በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። የጎረቤት ጠረጴዛዎች ሳይቀሩ ሹካቸውን አስቀመጡ።

"ማን ሰፋው?"

"እኔ፣ በእጄ።"

"ክሩ ትንሽ ወፍሯል።"

"አውቃለሁ" አሉ ሴትዮዋ።

"ግን ቀጥ ብሏል። በጣም ቀጥ ብሏል።"

ሴትዮዋ እንደ ተማሪ አቀረቀሩ። ዓሣው መጣ፣ ወይኑም ከግማሽ አንሶ መጣ። ክቡር አማካሪ አንዴ ተጎነጩና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"እሺ፣ እንዴት ነው?" አለች ልጅቷ።

"ቆይኝ እስቲ" አሉ። ደግመው ተጎነጩ። ከዚያ በኋላ ስለ ወይኑ አንድ ቃል አልወጣቸውም።

ሰኞ ጠዋት ጎረቤታቸው፣ መካኒኩ ወጣት፣ የሽምግልና ሱፉን ሊለካ መጣ። መስታወቱ ፊት እጁን ዘረጋ። "ክቡር አማካሪ፣ የወደፊት አማቶቼን ልጋብዝ ነው። ኪሴን ደግሞ እርስዎም ያውቁታል። ወይኑን የትኛውን ልዘዝ?"

ክቡር አማካሪ ስፒላቸውን አውጥተው ደረታቸው ላይ ሰኩ። ልጅቷ ቁልፍ መትከሏን አቆመች።

"እኔ እንጃ ልጄ" አሉ። "የቀመስኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።"

የወጣቱ እጅ ወረደ። እሷም ክው አለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ምነው ዝም ባለ እያለች የተመኘችላቸው ዝምታ ይኸው መጣ፤ ሱቁ የሌላ ሰው ሱቅ መሰላት። አንድ ምሳ ጋብዣቸው ድምፃቸውን ወሰድኩባቸው? ያ ሁሉ አሰልቺ ምክር፣ ያቺ ጠባብ ክፍል፣ ያ ቅንድብ የሚስብ ጉንጉን፤ ከዚያ ውጪ ምን ልጅነት ነበራት? ከልቧ ትወደው ነበር። ሳታውቀው ነው እንጂ ሁሌም ትወደው ነበር። የያዘችውን ቁልፍ አስቀምጣ ተነሳች።

"እኔን ስማኝ" አለችው ወጣቱን። "እጅህን ዘርጋ። አንደኛው ርካሽ የተጻፈው ለስስታም ነው። ሁለተኛው ስስታም እንዳይባል ለሚፈራ። አንተ ሦስተኛውን እዘዝ። ከወንዙ ማዶ ባለ አረንጓዴ በሩ ቤት ውሰዳቸው፤ በመስኮቱ በኩል፣ ሦስተኛው ጠረጴዛ፣ ዓሣው ከነአጥንቱ። ብርጭቆውን ከግማሽ አሳንስ።"

ወጣቱ ማረጋገጫ ፍለጋ ወደ ክቡር አማካሪ ዞረ። እሳቸው አቀርቅረው የክንዱን ልክ ደብተራቸው ላይ እየጻፉ ነበር። ጽፈው ጨረሱ፣ ሜትሩን አንገታቸው ላይ መለሱ።

"በሩ እንደሚሳብም ንገሪው" አሉ።