የበሩን ወረቀት አሳየኝ

ሦስት ሐበሻ በተሰበሰበበት ከተማ ሁሉ አንድ መኪና መራጭ አለ። ሐኪም ላይኖር ይችላል፣ ጠበቃ ላይኖር ይችላል፤ መኪና መራጭ ግን አይጠፋም። ያገለገለች ኮሮላ ለመግዛት ስታስብ፣ ገና ለሚስትህ እንኳን ሳትናገር፣ ደውሎ «ሰማሁ፤ እንዳትገዛ» የሚልህ እሱ ነው። የሌላ ከተማ መራጮችን ስም ማጥፋት አልፈልግም። ዳላስ አጠገብ ያለችው የጋርላንድ መራጭ ግን የእኛ ነው፤ እሱን ይዘን ከፍሪስኮ እስከ ግራንድ ፕሬሪ ከማንም ጋር ለመወዳደር ዝግጁ ነን።

ክቡር ጋሽ ወልደ ሥላሴ ይባላሉ። በሥራቸው የኤርፖርት ሻትል ሾፌር፣ በጥሪያቸው የዳላስ፣ የፎርት ዎርዝና የአካባቢው የጭነት ሊቅ ናቸው። ከሸሚዛቸው ኪስ እስክሪብቶ የምታክል የእጅ ባትሪ አትለይም። ባትሪዋ የአንድ ነገር ማንበቢያ ናት።

የማንኛውም መኪና የሾፌር በር ሲከፈት፣ ከጎኑ የተለጠፈች ትንሽ ወረቀት አለች። ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከዚህ ፓውንድ አይለፍ ትላለች። እኔ አሜሪካ በኖርኩባቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመታት የራሴን መኪና ወረቀት አንብቤ አላውቅም። ጋሽ ወልደ ሥላሴ የሁላችንንም አንብበዋል። ወዳጃችን ማኑሄ ያገባ ዕለት ሙሽሮቹ ከሊሞዚኑ ሲወርዱ እኛ እልል ስንል፣ ክቡርነታቸው በወዲያ በኩል ዞረው፣ የሾፌሩን በር ከፍተው፣ ባትሪያቸውን አብርተው ነበር። ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሯል።

«ስምንት ሚዜ ጭነዋል» አሉኝ በጆሮዬ። «ከልክ በላይ ነው። በእግዚአብሔር ቸርነት ነው የደረሱት።»

እንዲህ ያለ ሰው ለራሱ መኪና ሲገዛ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅበት ገምቱ። አሥራ አራት ወር።

ነገሩ የጀመረው በአማታቸው፣ በእማማ ሸዋረገድ ነው። እማማ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ከሁለት ዓመቷ ጀምሮ በእጃቸው ያሳደጓት የልጅ ልጃቸው ሊድያ በሚቀጥለው ዓመት ዴንቨር በፋርማሲ ልትመረቅ ነበር። እማማ ግን እግራቸው ላይ ደም ረግቶ ስለነበር ሐኪሙ አውሮፕላን ከለከላቸው፤ በመኪናም ቢሆን በየሰዓቱ ወርደው እንዲራመዱ፣ ሲደክማቸው እንዲጋደሙ አዘዘ። እማማ «ቆቧን ስታደርግ ካላየሁ ዐይኔ ለምኔ ነው?» ብለው አንድ ቀን ሙሉ እህል አልቀመሱም። በሦስተኛው ቀን ጋሽ ወልደ ሥላሴ አልጋም ወጥ ቤትም መጸዳጃም ያለው ያገለገለ ተጎታች ቤት ገዝተው ግራንድ ፕሬሪ አቆሙት። የቀረው የሚጎትተው ብቻ ነበር።

ፍሪስኮ ፒካፕ የሚሸጠው አሌክስ፣ እዚሁ ተወልዶ ያደገ የእኛው ልጅ ነው። አብሬያቸው የሄድኩ ቀን ገና ከመግባታችን ጀመረ።

«ጋሼ፣ ይሄ ትራክ አሥራ አራት ሺህ ፓውንድ ይጎትታል። ሶ፣ ያንተ ትሬለር ኢዚ ነው።»

«ልጄ፣ መጎተቱን ማን ጠየቀህ? በሬም ይጎትታል። የበሩን ወረቀት አሳየኝ።»

«ኦኬ፣ ግን ወንበሩን አየኸው? ሌዘር ነው። ማለቴ፣ በበጋ ይቀዘቅዛል።»

«ማቀዝቀዣው ስንት ፓውንድ ይመዝናል?»

አሌክስ ማናጀሩን ሊጠይቅ ገባ። ጋሼ ቀና ብለው የጣራውን መስታወት አዩ። «ይሄስ ስንት ነው?» አሌክስ እንደገና ገባ። በሦስተኛው ጥያቄ ማናጀሩ ራሱ ምሳ ወጣ፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር።

ሳይንሳቸው ይህ ነው። ተጎታቹ ይጎተታል ይባላል እንጂ አፍንጫውን ፒካፑ ላይ አሳርፎ ነው የሚሄደው። ያ ክብደት፣ ተሳፋሪው ሁሉና ኋላ የተጫነው ዕቃ ተደምሮ ከበሩ ወረቀት መብለጥ የለበትም። በዚህ ስሌት ትንሹ ፒካፕ፣ ጋሼና ሚስታቸው ወይዘሮ አባይነሽ ከገቡበት በኋላ፣ እማማን ያለ ነጠላቸው ብቻ ነው የሚችለው። ስለዚህ ለከባድ ጭነት የተሠራው፣ ሄቪ ዱቲ የሚሉት። ያውም በቤንዚን።

ቤንዚን ማለታቸው የምንሰበሰብበትን ካፌ ለሁለት ከፈለው። የናፍጣ ወገን መሪ ባለ አሥራ ስምንት ጎማ የጭነት መኪና የሚነዳው ኃይሉ ነበር።

«ጋሼ፣ ቤንዚን የላዳ ነው። ቤት የሚጎተተው በናፍጣ ነው።»

«የናፍጣው ሞተር ራሱ ስንት ይመዝናል? ያ ሁሉ ብረት ከእኔ ሸክም ላይ ይቀነሳል። ሞተር ተሸክሜ ዴንቨር ልሂድ?»

«ኮሎራዶ መግቢያ ላይ፣ ራቶን ዳገት ሲደርሱ ይደውሉልኝ። ሞተሩ ሲጮህ በስልክ እሰማዋለሁ።»

«ይጩኽ! ማን ከለከለው?»

ከዚያ የተሳፋሪዎች ምዘና መጣ። ወይዘሮ አባይነሽ የሰርጓን ዓመት ኪሎ ነገረቻቸው፤ በአክብሮት ተቀብለው፣ ሠላሳ ፓውንድ ጨምረው ጻፉ። እማማ ግን የሚደፈሩ አልነበሩም። ጋሼ የመታጠቢያ ቤቱን ሚዛን ከሶፋው ፊት ምንጣፍ ሥር ቀበሩት። እማማ ምርኩዛቸውን ተክለው ተሻገሩት።

«ሰው እንደ በግ ይመዘናል? ፋሲካ መጣ እንዴ?» አሉ። «እኔ ቀላል ነኝ። ቀላል ብለህ ጻፍ።»

ለምረቃው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ተገዛ። ነጭ፣ የጨርቅ ወንበር፣ ጣራው ደፍን፣ ጌጥ የሚባል ያልዞረበት። ካፌው በሙሉ ወጥቶ ከበበው። ሌላ ሰው ቢሆን ሞተር ያስነሳል፤ ጋሼ በሩን ከፍተው፣ አራስ ልጅ እንደሚያሳይ አባት፣ ወረቀቷን በባትሪ አበሩልን። ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ፓውንድ።

እኔም አላስችል አለኝ። «ጋሼ፣ ሦስት ሰውና ሁለት ሻንጣ አይደላችሁም? ዝሆን ይዛችሁ ነው የምትሄዱት?» አልኩ። ሰው ሳቀ። ይህን ቀልድ ገና ሲመርጡ ሳሉ ለወራት ስቀይረው ነበር፤ አንዴ ዝሆን፣ አንዴ ቤተ ክርስቲያኑን ከነጉልላቱ። ጋሼ ግን ሂሳባቸውን የሚጽፉባትን ትንሽ ደብተራቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

የጉዞው ዕለት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ልንሸኛቸው ተሰበሰብን። ዴንቨር ዘመድ የሌለው የዳላስ ሐበሻ እንደሌለ ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ሽሮ መጣ። በርበሬ መጣ። የመኪና ጎማ የሚያክል ድፎ ዳቦ መጣ። ጸበል በጋሎን መጣ፤ ጸበልን አልጭንም የሚል ደግሞ ማን ነው? ሐዳሳ የሕፃን አልጋ ከነፍራሹ አመጣች። ናኦሚ ለእህቷ የብረት የልብስ ስፌት መኪና በሁለት ሰው አሸክማ መጣችና «ምንም አይከብድም» አለች። ሁሉም የሚለው ይህንኑ ነበር። ጋሼ እያንዳንዷን ዕቃ ታቅፈው ሚዛን ላይ ይወጣሉ፣ የራሳቸውን ይቀንሳሉ፣ ይጽፋሉ፣ ይጭናሉ። ማንንም አልመለሱም።

እኔ ዴንቨር ላለው ወንድሜ የምልከው ሽሮ መኪናዬ ውስጥ ነበር። ያን ሁሉ ቀልጄ በየትኛው አፌ ጫኑልኝ ልበል?

ጭነቱ አልቆ ኃይሉ ራሱ የጭነት መኪናውን ወደሚያስመዝንበት የነዳጅ ማደያ መራን። ጋሼ መሪውን ጨብጠው፣ እማማን ከኋላ በትራስ ደግፈው፣ ለሁላችንም ቁርጡን ነገሩን። «አንድ ፓውንድ ካለፈ እሳቸውን ይዤ አልነቃነቅም።» ኃይሉና እኔ ተያየን። ካለፈ የማን ዕቃ ይወርዳል? የናኦሚ? ጸበሉ? ግቢ ተመልሰን ስንጣላ ደግሞ ጠቡ ሳይበርድ ምረቃው ያልፋል። እማማ መቁጠሪያቸውን አወጡ።

ፒካፑ ከነተጎታቹ ቀስ ብሎ ሚዛኑ ላይ ወጣ። ኃይሉ የሚዛኑን ወረቀት ተቀብሎ ከበሩ ወረቀት ጋር እያስተያየ አነበበ። በጣቱ እየተከተለ እንደገና አነበበ።

«ጋሼ…»

«በል እንጂ!»

«ልኩን ለመሙላት አርባ አንድ ፓውንድ ይቀረዋል።»

እማማ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። «ቀላል ነኝ አላልኩህም?»

ሁላችንም ስንስቅ ጋሼ ወርደው ወደ እኔ መጡ። «አንተስ?»

«ምን እኔ?»

«ሽሮህ የታለ?» ደብተራቸውን ገልጠው ሰጡኝ። ገጹ ከላይ እስከ ታች ስም ነው፣ ቀኑ ያለፈው ዓመት ማርች። «ሐዳሳ፦ ለእህቷ ልጅ አልጋ ሳትልክ አትቀርም፣ 35።» «ናኦሚ፦ ከባድ ነገር፣ ምንም አይከብድም ትላለች፣ 40።» «ጸበል፦ ብዙ።» ታች ጥግ ላይ ደግሞ እኔ፦ «ለወንድሙ ሽሮ፣ 12። መጨረሻ ላይ ያፍራል፣ ራሴ ልጠይቀው።»

«ጋሼ፣ ያን ጊዜ እኮ እኔ ራሴ አላሰብኩም ነበር።»

«አንተ ባታስብ እኔ አላውቅህም? አምጣው።»

አመጣሁ። ፌስታሉን በአንድ እጃቸው ከፍ ዝቅ አደረጉት። «ይሄ አሥራ አምስት ነው።»

«ቅቤ ጨምሬበት ነው።»

«ለቅቤም ቦታ አለ።» ወስደው ከእማማ እግር ሥር አስቀመጡት፤ በሩን ዘጉ፤ ሄዱ። ሌሎች ፒካፕ ሲመርጡ የፈረስ ጉልበት ይቆጥራሉ። እኒህ ሰውዬ አሥራ አራት ወር እኛን ሲቆጥሩ ነው የከረሙት።

በማግስቱ ኃይሉ ስልኩን ካፌው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ጋሼ፣ ራቶን ላይ ጮኸ?»

«ጮኸ።»

«እና?»

«ወጣ።»

ኃይሉ የሁላችንንም ማኪያቶ ከፈለ።

ቅዳሜ ፎቶው መጣ። ሊድያ ጋዋኗን ለብሳ እማማን አቅፋቸዋለች፤ ቆቡ ያለው እማማ ራስ ላይ ነው። ወይዘሮ አባይነሽ እያለቀሰች ትስቃለች። ወንድሜም ጥግ ላይ ሽሮውን ታቅፎ አለ። ጋሽ ወልደ ሥላሴ ግን የሉም። ስልኩን በጣቴ አሰፋሁት። ከኋላ፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ የማናውቀው ሰው ግዙፍ ቀይ ፒካፕ በሩ ተከፍቷል፤ ባለቤቱ አፉን ከፍቶ ቆሟል፤ ሙሉ ልብስ የለበሰ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ባትሪ አብርቷል።

ፎቶውን ለገባው ለወጣው ሁሉ፣ ቡና ሊገዛ ለመጣው ፖስተኛ ሳይቀር አሳየሁ። ሊድያን ለማንም አላስተዋወቅኩም። ያንን ጎንበስ ያለ ጀርባ እያመለከትኩ «የኛ ነው» እላለሁ።