ሁሉን የምትጽፈው ሲስተር ሀሊማ

ያየውን ሁሉ ካልጻፈ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። በደርግ ጊዜ አሰበ ተፈሪ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ስሠራ፣ አዋላጇ ሲስተር ሀሊማ እንዲህ ነበረች። በተለይ ስኳር ያለባት ነፍሰ ጡር ከመጣችማ አለቀ! የሽንት ምርመራውና የመርፌው መጠን አይበቃትም። ለምሳሌ ፋጡማ በምትባል ነፍሰ ጡር ካርድ ላይ፣ «ሻይ በአራት ማንኪያ ስኳር ትጠጣለች፤ ሁለት ነው ብላ ትዋሻለች። ግራ ክንዷ ላይ የእሳት ጠባሳ አለ» ብላ ትጨምራለች። ይሄ ካርድ ነው ወይስ የሰፈር ወሬ? እያልኩ እስቅባት ነበር።

አንድ ቀን አንዲት ነፍሰ ጡር ከሚኤሶ መጣች። ያቀበለችኝ የካርድ ቁጥር የፋጡማ ነበርና ካርዱን አውጥቼ ላክሁ። ሲስተር ሀሊማ የታዘዘውን የስኳር መርፌ ቀድታ የሴትዮዋን ግራ ክንድ ስትገልጥ፣ ጠባሳው የለም።

«አንቺ ፋጡማ ነሽ?»

«ወላሂ አይደለሁም፤ የባሏ እህት ነኝ። ቤታችን ካርድ እያለ ለአዲስ ማን ይሰለፋል?»

ለካ ካርዱ እንደ ድስት ለቤቱ ሁሉ ያገለግል ኖሯል! ያ መርፌ ስኳር የሌለባትን ሴት ከነጽንሷ ሊገድል ይችል ነበር። ሳቄ እዚያው ደረቀ።

ዛሬ ስኳሩ እኔም ላይ አለ። የሚመረምረኝ ልጅ ቀና ብሎ ሳያየኝ ጽፎ ይጨርሳል። ያኔ ትዝ የሚለኝ፣ ሲስተር ሀሊማ ተዛውራ ከሄደች በኋላ የገለጥኩት የራሴ ካርድ ነው። በእጅ ጽሑፏ እንዲህ ይላል፦ «የካርድ ክፍሉ ሰው። ሳል ይዞታል። ይስቅብኛል፤ ካርድ ግን ጠፍቶበት አያውቅም።»