ያልተመዘነችው ጥይት

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቃልሎ ሚዛን ላይ ቢወጣ ምን ያህል ይመዝናል? ፍልስፍና ተምሬም አርጅቼም መልሱን አላገኘሁትም። ወዳጄ ግን ሚዛኑ ደኅና ከሆነ ይታወቃል ባይ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም፤ ሰው ቤት ገብቶ ሰላምታውን ሳይጨርስ የተንጋደደ ሥዕል የሚያቃና። ለእኛ የዒላማ ተኩስ ክበብ የደረሰው ደግሞ አውራው ነው። ሊቀ ሚዛን እንለዋለን። ሹመቱን የሰጠነው ለሹፈት ነበር፤ እሱ ግን በክብር ተቀበለው።

ሊቀ ሚዛን ጥይቱን የሚያዘጋጀው ራሱ ነው። ቀለህን ከቀለህ፣ አረርን ከአረር ያመዛዝናል፤ ባሩዱን እንደ መድኃኒት ቀማሚ በቅንጣት ጨምሮ በቅንጣት ይቀንሳል። ይህ የሚሆነው ምግብ ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ ያን ዕለት መስኮት ይዘጋል፣ ማራገቢያ ይቆማል፣ ማስነጠስ የመጣበት ጓሮ ይወጣል። ባለቤቱ አንድ ቀን፣ «ትንፋሻችንንም መዝነህ ብታድለን ይሻላል» አለችው። ሐሳቡን ሳይንቅ ጥቂት አሰበበት።

ልዩነቱ ኢምንት ነው ላለው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ «እዚህ የፀጉር ያህል፣ እዚያ የክንድ ያህል።» ሩቅ ለሚሄድ ጥይት እውነት ነው። ከአንድ ክፍል ተምረን የወጣነው ሰዎች የት የት እንደ ወደቅን ሳስብ፣ እኔም አልስቅበትም።

ይህን ሁሉ ደክሞ አንድም ዋንጫ ወስዶ አያውቅም። ዘንድሮ ዓይኑን ሞራ እየጋረደው ስለሆነ የመጨረሻ ውድድሩ ነበር። በመጨረሻዋ ጥይት መሃሉን ከመታ ዋንጫው የእሱ ነው፤ ከሳተ የባለ ጋራዡ፤ ጥይቱን ከሱቅ ገዝቶ ኪሱ ውስጥ እያንሿሿ የሚመጣው ሰውዬ።

ሊቀ ሚዛን ጥይቷን አንስቶ ወደ ብርሃኑ አስጠጋት። ከጣቶቹ ሾለከች። ወደቀች፤ ሲሚንቶው ጫፏን አጣመመው። መለዋወጫ አልያዘም፤ ትርፍ የሚይዝ ያመነታ ብቻ ነው ይል ነበር። ዳኛው ሰዓቱን አየ። ከራሴ ካርቶን አንዷን መዝዤ ዘረጋሁለት።

«ተመዝናለች?»

«ወንድሜ፣ ሰዓቱ እያለቀ ነው። ተኩስ።»

መርዝ እንደሚጨልጥ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ጠመንጃውን አጎረሳት። ከዚያ በደረቱ ተኛ፣ አነጣጠረ፣ ቃታውን ሳበ። ዒላማው የተመታበት ቦታ ምልክት እንዲደረግበት ከሥሩ ወዳለው የምልክት ሰጪዎች ጉድጓድ ወረደና እዚያው ቆየ። ባለቤቱ ክንዴን ጨምድዳ ይዛለች። ዒላማው ብቅ ሲል ምልክቱ መሃሉ ላይ ተሰክቷል።

ጭብጨባው ቀለጠ። ሊቀ ሚዛን ግን የተሰረቀ ሰው መስሎ ተነሣ። የኖረበትን ሕግ አንዲት ወፍ ዘራሽ ጥይት ንዳበታለች። ልቤ የዚያን ጊዜ ነው ለእሱ የተሸነፈው፤ ከመካከላችን ያልደከመበትን ሲሰጡት የሚመልስ ማን አለ?

ዳኛው ፊት ቆሞ ቆቡን አወለቀ። «ጌታዬ፣ ይህችን አይቁጠሩብኝ። የመታሁት እኔ አይደለሁም።»

ዳኛውም፣ ባለቤቱም፣ እኔም፣ የተሸነፈው ባለ ጋራዥ ሳይቀር እምቢ አልነው።