በዜማ የሚያባዛው መምህር

በየትኛውም ትምህርት ቤት፣ ለጎረቤት ክፍል ዕረፍት የማይሰጥ አንድ መምህር አይታጣም። ከሚሴ አጠገብ ባለች አንዲት ትምህርት ቤት ይህ ማዕረግ የክቡር መምህር ጀይሉ ነበር። የርዕሰ መምህሯ የዘይና ቢሮ ከእሱ ክፍል ጋር በአንድ ግድግዳ ስለሚዋሰን፣ ዘይና ሳትወድ በግዷ ሦስተኛ ክፍልን በየዓመቱ ትደግማለች።

ጀይሉ ጠመኔ ይዞ ብቻ ማስተማር አይሆንለትም። አንድ ቀን ከቦርከና ወንዝ ጭቃ አስመጥቶ የጨፋን ሸለቆ ወለሉ ላይ አሠራ፤ ጥበቃው ሸለቆውን ጠርጎ ለመጨረስ ሁለት ቀን ፈጀበት። ስለ ሰብል ሲያስተምር ደግሞ ከተማሪዎቹ አንዋር ማሽላ፣ ሳሚያ ዝናብ ሆኑ። ሳሚያ መዝነቡን ረስታ ወሬ ስትይዝ፣ አንዋር እስከ ዕረፍት ደወል ሳይበቅል ቁጢጥ እንዳለ ቀረ። ዘይና ልትቆጣ ገብታ ሳቋ አመለጣት።

ማባዛትማ በመንዙማ ዜማና በጭብጨባ ነው። «ዜማ የሌለው ቁጥር ጭንቅላት ውስጥ አያድርም፣ ወላሂ!» ይላል።

«አቦ ጀይሉ፣ ጆሮዬን አሳርፈው!»

«አብሽሪ ዘይና፣ ዘጠኝ ላይ ደርሰናል።»

በ1999 ዓ.ም. ለአገሩ እንግዳ የሆነ ሱፐርቫይዘር መጣ። ሙና የምትባለውን ልጅ «ስድስት ጊዜ ሰባት?» ቢላት፣ ክፍሉ በሙሉ ብድግ ብሎ ከአንድ ጀምሮ አዜመ። አርባ ሁለት ሲደርሱ፣ ዱዓ ሲያበቃ እንደለመዱት «አሚን!» ብለው ዘጉት። መልሱ ልክ ነበር። ሰውየው ግን የሰማው አሚኑን ብቻ ነውና «በመደበኛ ክፍለ ጊዜ ሃይማኖት አስተምሯል» ብሎ ጻፈ።

ዘይና እውነቱን ታውቃለች። «ኧረ ጌታዬ፣ ቁጥር ነው» ብትል ይበቃ ነበር። ግን ለወንበሯ ሰጋች፤ ሪፖርቱ ላይ ፈረመች። ጀይሉ ከጨፋ ሮቢት ማዶ፣ መኪና ወደማይገባበት ትምህርት ቤት ተዛወረ። ሊሰናበታት ሲገባ ወቀሳውን ስትጠብቅ «ልጆቹን አደራ» ብቻ ብሏት ወጣ። ቢሰድባት በቀለላት።

አዲሱ መምህር የማባዛት ሰንጠረዡን ሰሌዳው ላይ ጻፈና አስገለበጠ። ዘይና ስትለምነው የኖረችውን ጸጥታ አገኘች፤ ጸጥታው ግን አላስቀምጥ አላት። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ተነሥታ ወደ ክፍሉ ገባች።

«ሙናዬ፣ ሦስት ጊዜ ዘጠኝ?»

የሙና ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ መዳፎቿ ከዴስኩ ሥር ድምፅ ሳያወጡ ይነካካሉ።

«ድምፅሽን አውጪው እንጂ፣ ልጄ።»

«ላኪ፣ አይሆንም» አለች ሙና፣ እንደ አገሯ ልጆች ኦሮምኛ ቀላቅላ፣ ራሷን እየነቀነቀች። «ቲቸር ጀይሉ የሄደው እኛ ስለጮህን ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝም ብለናል። አሁን ይመልሱልናል?»

ዘይና «እናንተ አይደላችሁም፣ እኔ ነኝ» ልትል አፏን ከፈተች፤ እንባዋ ቀደማት። ያን በጥባጭ ሰው እንደ ወንድሟ ትወደው እንደነበር ያወቀችው ገና ያኔ ነው። አርባ ሕፃናት እጃቸውን አጣምረው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው መልሷን ይጠብቃሉ።