ከጋቢና የሚነዱት አማቴ

በዚህ ዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ሾፌሮች አሉ፤ መሪ ይዘው የሚነዱና መሪ ሳይዙ የሚነዱ። የመጀመሪያዎቹ ተፈትነው፣ ፎቶ ተነሥተው፣ ማኅተም የተመታበት ፈቃድ የተሰጣቸው ናቸው። ሁለተኞቹ ጋቢና ይቀመጣሉ። ፈቃድ የላቸውም፣ ፍሬን የላቸውም፣ ጥርጣሬ የሚባል ነገርም አልፈጠረባቸውም። ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ቤተሰብ አላውቅም። ለእኛ ቤት የደረሱን የባለቤቴ አባት ናቸው።

አማቴ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ነድተዋል። ጡረታ ከወጡ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ጡረታ የወጡት ግን እጆቻቸው ብቻ ናቸው። ቀኝ እግራቸው ዛሬም ሥራ ላይ ነው። ጋቢና በተቀመጡ ቁጥር እኔ ፍሬን ከመያዜ ግማሽ ሰከንድ ቀድመው ምንጣፉን ይረግጡታል፤ ከመርገጣቸው ብዛት በእሳቸው በኩል ያለው ምንጣፍ ተበስቷል። ባለቤቴ ይህን አይቶ "ሊቀ ጋቢና" የሚል ማዕረግ ሰጣቸው። ማዕረጉን ሰጥቶ እሱ ወደ ሥራው ሄደ። ቀያሽ ነው፤ ከከተማ ርቆ በአንድ የመንገድ ሥራ ላይ ስለሆነ በሦስት ወር አንዴ ነው የሚመጣው። ሊቀ ጋቢናን ከነማዕረጋቸው ለእኔ ተወልኝ።

እኔ ደግሞ ምራት ነኝ። ሚስታቸው ብሆን "ኧረ ዝም በል" እላለሁ፤ ልጃቸው ብሆን አኮርፋለሁ። ምራት ግን አንገቷን ደፍታ "እሺ አባባ" ነው የምትለው።

የማስተምርበት ትምህርት ቤት ከቤታችን ከተማውን አቋርጦ ነው። ጠዋት ጠዋት ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ይጠብቁኝና "ነይ ላድርስሽ" ይሉኛል። ልብ በሉ፤ የምነዳው እኔ ነኝ። ካደረሱኝ በኋላ እሳቸው በከተማ አውቶቡስ ይመለሳሉ፤ እዚያም ከሾፌሩ ጀርባ ቆመው እሱንም እንደሚመክሩት አልጠራጠርም። ምክራቸው መጀመሪያና መጨረሻ የለውም። "እግርሽ ከፍሬን አይራቅ።" "ወደ ግራ ሳብ አድርጊያት፣ ጉድጓድ አለ።" ጉድጓዱ ከተደፈነ ሁለት ዓመት አልፎታል። ቢሆንም ወደ ግራ ሳብ አደርጋታለሁ። የሒሳብ መምህርት ነኝ፤ ከሽማግሌ ጋር ከመከራከር ሁለት ክንድ መንገድ ማባከን እንደሚያዋጣ ለማስላት ጊዜ አይፈጅብኝም።

እንዲህ እያልን የኖርነው እስከዚያ ማክሰኞ ድረስ ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት ፈተና ነበረኝ፤ ረፍዶብኛል። ትልቁ አደባባይ ላይ ስንደርስ ፀሐይዋ በግራ በኩል ዓይኔ ውስጥ ገባች። ለአፍታ አመነታሁ። ሊቀ ጋቢና አላመነቱም። "ግራው ክፍት ነው፣ ግቢ" አሉኝ። ገባሁ። ጓ አለ። መሰላል የጫነች የአንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ፒክአፕ፣ በጎኗ መኪናዬ አፍንጫ ላይ ተለጥፋ ቆመች። የእሷ በር ጎደጎደ፣ የእኔ የፊት መብራት ረገፈ። ሰው አልተነካም። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ወርዶ በሩን ዳበስ አደረገና፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ እንዳለበት ሰው በረጅሙ ተነፈሰ። አልተሳደበም። ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር።

ትራፊኩ መጥቶ ሜትሩን ዘርግቶ ፕላን ማንሳት ሲጀምር አማቴ ከጋቢና ወረዱ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አደባባዩን በእርምጃ ለኩት። ከዚያም የሚለካው ከጎማው እንጂ ከመብራቱ አለመሆኑን፣ ጠመኔውም ወፈር ብሎ መሰመር እንዳለበት ለትራፊኩ አስረዱት። ትራፊኩ ትዕግሥተኛ ነበር። የት ተቀምጠው እንደነበር ጠየቃቸው። ጋቢና መሆናቸውን ነገሩት። እንግዲያው ሥራውን እስኪጨርስ ተመልሰው እዚያው ቢቀመጡለት ደስ እንደሚለው በአክብሮት ገለጸላቸው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ መንጃ ፈቃዴን ተቀበለኝና አገላብጦ አየው። "እህቴ፣ ይሄ እኮ ጊዜው ካለፈ አርባ ቀን ሆኖታል" አለኝ። ይህን ዓይነቱን ቀን የሚያስታውሰው ባለቤቴ ነበር። ሰው ሲርቅ የሚጎድለው ነገር ሁሉ ቶሎ አይታይም፤ አንዳንዱ አርባ ቀን ቆይቶ በትራፊክ አፍ ይነገርሻል። መንጃ ፈቃዴን ኪሱ ከተተና የክስ ወረቀት ሰጠኝ። ክሱ ሁለት ነው፤ ቅድሚያ አለመስጠትና ባልታደሰ ፈቃድ ማሽከርከር። ስንት ዓመት የሰው ስህተት በቀይ ስከብ ኖሬ የእኔን በሌላ ሰው እጅ ተጽፎ አየሁት።

"ይሄን ለእኔ ተዪው" አሉ አማቴ። "ትራፊክ ጽሕፈት ቤት እኔን የማያውቅ የለም።"

እዚያ ቤት እሳቸውን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ክስ የሚታየው ሰባት ቁጥር መስኮት ነው ብለው ይዘውኝ በኮሪደሩ ገሰገሱ። ሰባት ቁጥር መጸዳጃ ቤት ሆኗል። አለቃው በተማሪነቱ በአውቶቡሳቸው ይመላለስ የነበረ ልጅ መሆኑን ለጥበቃው፣ ለጽዳት ሠራተኛዋና ለተሰለፈው ሰው ሁሉ ነገሩ። ያ ልጅ ጡረታ ወጥቶ ከሄደ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። በመጨረሻ አንዷ ሠራተኛ አዘነችልንና ነገሩን አቃናችልን፤ ክሱ የሚታየው ከሳምንት በኋላ ነው፣ ፈቃዱ ግን መታደስ አለበት፣ ለመታደስ ደግሞ የጤና ምርመራ፣ በተለይ የዓይን።

የዓይን ምርመራው ክፍል ጠባብ ነበር። ግድግዳው ላይ የሹካ ጥርስ የመሰሉ ምልክቶች የተደረደሩበት ሰሌዳ ተሰቅሏል። ነርሷ በዱላ ስትጠቁም ጥርሱ ወደየት እንደዞረ መናገር ነው። አማቴ ከኋላዬ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ነርሷ የመጀመሪያውን ጠቆመች። አፌን ከመክፈቴ በፊት ከኋላዬ "ወደ ቀኝ" የሚል የሹክሹክታ ድምፅ መጣ።

ወደ ታች ነበር።

"ወደ ታች" አልኩ። ሁለተኛውን ጠቆመች። "ወደ ላይ" አሉ ከኋላዬ። ወደ ግራ ነበር። ነርሷ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። በሦስተኛው እሷ መሳቋን ተወች። ዱላዋን አስቀምጣ ወደ እሳቸው ሄደችና እስኪ አንዴ ይምጡ አለቻቸው። ለመሸኘት እንጂ ለመመርመር እንዳልመጡ ነገሯት። እሷም እጃቸውን ይዛ፣ እንደ ቀልድ አድርጋ፣ እኔ ከተቀመጥኩበት ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። ግራ ዓይናቸውን በመዳፏ ከለለችና ሰሌዳው ላይ የሚያዩትን እንዲነግሯት ጠየቀቻቸው።

"የቱ ሰሌዳ?" አሉ።

ኮሪደር ላይ ወጥተን ተቀመጥን። በኋላ ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለን፤ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ግን በጠብታ ማቆየት ይቻላል። ያኔ ኮሪደሩ ላይ እኔ ይህን አላውቅም። የማውቀው ከአምስት ዓመት በፊት ፈቃዳቸውን ሊያሳድሱ ሄደው "ምን ያደርግልኛል ብዬ ተውኩት" እያሉ መመለሳቸውን ነው። ያን ቀን ምን እንደተባሉ ዛሬ ገባኝ።

"አባባ፣ የዚያን ቀን ፒክአፑን አይተውት ነበር?"

ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አሽከረከሩት። "በዚያ ሰዓት እዚያ አደባባይ ላይ ከግራ የሚመጣ መኪና የለም" አሉ።

"መቼ?"

"እኔ ስነዳ።"

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ። የተደፈነው ጉድጓድ፣ እዪ የሚሉኝ ከተነሣ የቆየ ምልክት፣ በእሳቸው ጊዜ ስላልነበረ የማይቆጥሩት የባቡር ሐዲድ። ይህን ሁሉ ዓመት ከጎኔ ተቀምጠው የሚነዱት እኔ የማየውን ከተማ አልነበረም። እኔን ካደረሱ በኋላ ወደ ቤት የሚመለሱትም አሥራ ሦስት ፌርማታ ቆጥረው ነው። ተናደድኩ። ሰው ልንገድል እንችል ነበር። ወዲያው ደግሞ መሪው በማን እጅ እንደነበር አስታወስኩ፤ ዓይን ያላት እኔ ነበርኩ፣ ያመነታችውም ያመነችውም እኔው ነኝ። ቁጣዬን ምን ላይ እንደማሳርፈው አጥቼ ባርኔጣቸውን ተቀበልኳቸውና ራሳቸው ላይ አደረግኩላቸው።

የቀጠሮው ቀን የድሮውን የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው ጠበቁኝ።  ክሱን የምታየው መርማሪ ቀልጠፍ ያለች ወጣት ሴት ናት። የእኔን ቃል ተቀብላ ልትጽፍ ስትል አማቴ ብድግ አሉ። ከደረት ኪሳቸው በፕላስቲክ የተጠቀለለ የድሮ መንጃ ፈቃዳቸውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

"ግቢ ያልኳት እኔ ነኝ" አሉ። "ክሱን በእኔ ስም ጻፊልኝ፣ ልጄ።"

መርማሪዋ እሳቸውን አየች፣ ፈቃዱን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ሕጉ የሚያውቀው መሪ የያዘውን ብቻ መሆኑን በትሕትና አስረዳቻቸው። እሳቸው ግን አልተቀመጡም። እሷም ሌላ መንገድ ጠፍቷት "ተሳፋሪ አይከሰስም፣ አባት" አለቻቸው።

ክፉ ቃል አልተናገረችም። ግን ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ተሳፋሪ ማለት ከኋላቸው የሚቀመጠው ሰው ነበር። አማቴ ቃሉን እንደ ሰው ስም ለብቻው ደገሙት። ፈቃዳቸውን ለማንሳት ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ ዳበሱ፤ ሦስተኛው ላይ መርማሪዋ ራሷ አንስታ እጃቸው ውስጥ አስቀመጠችላቸው። ያን ጊዜ ገባት መሰለኝ፣ ድምፅዋ ተለወጠ።

"ስንት ዓመት ነዱ?"

"ሠላሳ አራት።"

"ስንት አደጋ አደረሱ?"

"አንድ" አሉ። "ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ።"

ለእኔ ነገሩ እንዳሰብኩት አልከፋም። በሩን ኢንሹራንስ አሠራ፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ይቅርታዬን ተቀበለኝ። ፈቃዴ አንድ ወር ተይዞ፣ ከሃያ አዳዲስ ጎረምሶች ጋር ሥልጠና ተቀምጬ፣ ስለ አደባባይ ቅድሚያ ተምሬ፣ ታድሶ ተመለሰልኝ።

ከዚያ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ጠዋት አማቴ ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመው ነበር። "ላድርስሽ" አላሉም። የኋላውን በር ከፍተው ገቡ።

መጀመሪያ ዕረፍት መሰለኝ። ለዓመታት የተመኘሁትን ጸጥታ ሙሉውን አገኘሁት። በሳምንቱ መቋቋም አቃተኝ። አደባባዩ ላይ ስደርስ ጆሮዬ ድምፃቸውን ይጠብቃል። በመስታወቱ ሳያቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ መንገዱን ለራሳቸው እየነገሩት ነው። ለባለቤቴ በስልክ አባቱ ዝም እንዳሉ ስነግረው "ይዘሻቸው ነይ" አለኝ። እሱ ወደሚሠራበት ቦታ የሚወስደው መንገድ አማቴ ከሌላው ሁሉ አብልጠው የነዱት መስመር ነው።

ቅዳሜ ከከተማ መውጫው ላይ ዳር ይዤ ቆምኩ። ወርጄ የኋላውን በር ከፈትኩና "አባባ፣ መንገዱን አላውቀውም፤ ጋቢና ይምጡልኝ" አልኳቸው። እውነት ነው፣ አላውቀውም። ትንሽ አንገራገሩ። መጡ።

የመጀመሪያውን ሰዓት በዝምታ ሄድን። ቀስ በቀስ አንድ አንድ ቃል ይወጣቸው ጀመር። ከድልድዩ በኋላ ዳገቱ እንደሚበረታ ነገሩኝ፤ በረታ። በግራ የትምህርት ቤት ግድግዳ እንዳለ ነገሩኝ፤ ነበረ። ድምፃቸው እየሞቀ፣ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ መሪ እየያዘ መጣ። አንድ ትልቅ ኩርባ ጋ ስንደርስ ዝቅ ብለው ወደ ፊት ተጠጉ።

"ከዚህች ኩርባ አልፈሽ በቀኝ ትልቅ ዛፍ አለ" አሉኝ። "ተሳፋሪ የማሳርፈው ጥላው ሥር ነበር። ታየሽ?"

ኩርባውን ጨረስኩ። በቀኝ በኩል ቀይ ጣሪያ ያለው ነዳጅ ማደያ ነበር፤ የጭነት መኪናዎች ተሰልፈዋል። ሌላ ምንም የለም።

"ታየኝ" አልኩ።

"ቅጠሉስ?"

"ሞልቷል።"

መኪናዋ ትንሽ መንገድ ሄደች። ከዚያ አማቴ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ደንግጬ ዞር ስል እየሳቁ ነው፤ እንባቸው እስኪመጣ።

"ዛፉን የቆረጡት እኔ ጡረታ ሳልወጣ ነው" አሉ።

ጆሮዬ ጋለ። በቀን ሠላሳ ውሸት ከተማሪ የምይዝ ሰው ነኝ። "ታዲያ ለምን ጠየቁኝ?"

"ምን እንደምትይኝ ልስማ ብዬ።"

ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ማርሽ ቀየርኩ።

"ወሩን ግን አልሳትሽም" አሉ ቀስ ብለው። "ቢኖር ኖሮ፣ አሁን ቅጠሉ ሞልቶ ነበር።"