እመቤት ዓይነ ንስር ወደ ፎቶ ኮፒው ክፍል የዘመቱበት ዜና

በተማሪነታቸው በሦስተኛው ዓመት፣ ሊፍቱ በተበላሸ በስድስተኛው፣ የጥንታዊ ጥናት ክፍልን ታላቁ ፕሮፌሰር በሚገዙበት ዘመን፣ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በጠፋ ቁልፍና በሚከራይ ክፍል መካከል እንዲህ የሚል አዋጅ ወጣ፦ «አንድ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለምርምር ረዳትነት ይፈለጋል። በትጋት ያገለገለ ስሙ በመጽሐፋችን መቅድም ይጻፋል።»

ወእምዝ የሙት ቋንቋዎች ወዳጅ፣ የፊት ወንበር ባለርስት፣ ስለ ወፍራም መነጽራቸው ጓደኞቻቸው ዓይነ ንስር ያሏቸው እመቤት ይህን አንብበው ልባቸው ተነሣ፤ በመቅድም የተጻፈ ስም የሁለተኛ ዲግሪን በር ይከፍታልና፣ ያለዚያም የአጎታቸው ጫማ መደብር ይጠብቃቸው ነበርና። የአክስታቸውን ጃኬት ለብሰው ዘመቱ። የተከተላቸውም ሠራዊት ይህ ነበር፦ ያዋሰቻቸው እስክሪብቶ እንዳይጠፋባት እስከ በር የሸኘቻቸው የመኝታ ክፍል ጓደኛቸው፣ በስልክም እናታቸው። እናታቸውም ለሕንፃው ጎረቤት ሁሉ አስነገሩ፦ «ልጄ ፕሮፌሰር ልትሆን ጥቂት ነው የቀራት! ዛሬ ደውሎ የረበሻት ጠቡ ከእኔ ጋር ነው!»

አሥራ አንድ ተወዳዳሪዎችም ወረቀት የሞላ ካርቶን በደረጃ አምስተኛ ፎቅ አውጡ በተባሉ ጊዜ ድል ተነሡ። እመቤት ግን አወጡ፣ ተሾሙም። ከዚያም ሦስት ወር ሙሉ አንዲት ጥንታዊ ፊደል ሳያነቡ ወረቀት ሲያባዙ ኖሩ።

ፕሮፌሰሩ በአንድ የድንጋይ ጽሑፍ ፎቶ ኮፒ ቀኝ ማዕዘን አንዲት ነጥብ አይተው፣ የተረሳ ንጉሥ ማኅተም ናት ብለው ሁለት መቶ ገጽ የጻፉ፣ ማዕረጋቸውንም በእርሷ ያገኙ ሰው ነበሩ። ድንጋዩን ግን ሄደው አላዩትም። አንድ ቀን እመቤት መታወቂያቸውን ቢያባዙ፣ እነሆ የንጉሡ ማኅተም ከጆሯቸው አጠገብ ተገኘ። ባዶ ወረቀት አባዙ፤ ንጉሡ አሉ። የእናታቸውን የሐኪም ቀጠሮ አባዙ፤ ንጉሡ እዚያም ቀርበዋል። ወአሜሃ የማሽኑን ክዳን ገልጠው፣ የአክስታቸውን እጅጌ በምራቅ አርሰው መስታወቱን ሦስት ጊዜ ፈተጉት፤ በዚያችም ቅጽበት ሥርወ መንግሥቱ ጠፋ።

ዝም አይነቅዝም እንዲሉ፣ ዝም ቢሉ መቅድሙ በእጃቸው ነበር። እውነቱ ግን አላስችል ብሏቸው ነጥብ ያለበትንና የሌለበትን ሁለት ቅጂ ከፕሮፌሰሩ ጠረጴዛ ላይ አኖሩ።

ፕሮፌሰሩ ሳምንት ሙሉ ቢሯቸውን ዘግተው ከረሙ። በስምንተኛውም ቀን አዋጅ አወጡ፦ «ማኅተሟ እንደሌለች በብዙ ድካም ደርሼበታለሁ፤ ስለዚህም አዲስ መጽሐፍ እጽፋለሁ። ከእንግዲህ ያለ ፈቃዴ መስታወቱን የሚነካ አይኑር!» መጽሐፉም ወጣ፣ ፕሮፌሰሩም ሁለተኛ ማዕረግ ጨመሩ። በመቅድሙ ባለቤታቸው ተመሰገኑ፣ ዲኑም ተመሰገኑ፤ በመጨረሻም «በማሽኑ ጽዳት ለተባበሩን የጽዳት ሠራተኞች» ተባለ።

ኦ እመቤት ዓይነ ንስር፣ ሠራዊት ሳያዘምቱ ንጉሥ የሻሩ፣ በአንዲት እጅጌ ሁለት መቶ ገጽ የደመሰሱ፣ ማን ይተካከልዎታል! እኛ ዜና ጸሐፊዎች እውነተኛ ስማቸውን እስከ አያት ልንጽፍ ብዕር አንሥተን ነበር፤ ነገር ግን ይህም ጽሑፍ የሚባዛው በዚያው ማሽን፣ በፕሮፌሰሩ ፈቃድ ነውና ቦታውን ባዶ ትተነዋል። በባዶው ቦታ ላይ አንዲት ነጥብ ብታዩ፣ ንጉሥ አይደለችም፤ እመቤት ጫማ መደብር ገብተዋልና መስታወቱን የሚያብስ ሰው ጠፍቶ ነው።