አየሁ ያልኩት ቀሚስ

ናይሮቢ ውስጥ የምታገኙትን አበሻ ሽማግሌ ሁሉ ጠርጥሩ። እኔንም ጨምሮ። በተለይ እኔን። ድንበር ስንሻገር የተፈተሸው ሻንጣችን እንጂ ታሪካችን አልነበረም፤ ስለዚህ ያሻንን ጭነን ገባን። ሞያሌ ላይ አሥር አለቃ የነበረ ሰውዬ ናይሮቢ ሲደርስ ሻምበል ነው፤ ሳውዝ ሲ ሰፈር ቤት ተከራይቶ ሁለት ፋሲካ ካሳለፈ በኋላ ደግሞ ኮሎኔል ካላላችሁት ሰላምታ አይመልስም። ማስረጃ የሚጠይቅ የለም። እንዲያውም አንዱ የሌላውን ማዕረግ ከፍ ማድረግ ጨዋነት ሆኗል። እኔ "አስታውስሃለሁ፣ ፈረስህ ነጭ ነበር" እለዋለሁ፤ እሱም ኢምባካሲ አውሮፕላን ማረፊያ ጭነት ስፈትሽ ያረጀሁትን ሰውዬ "ዋና ሥራ አስኪያጁ" እያለ ያስተዋውቀኛል። ተያይዘን እናድጋለን።

ከብዙ ዓመት በፊት፣ አንድ ክርስትና ላይ፣ ከጎረቤቴ ከእትዬ አብረኸት አጠገብ ተቀመጥኩ። እትዬ አብረኸት የአስመራ ተወላጅ ናቸው፤ ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ ነው ያሳለፉት። እንደ ሻማ ቀጥ ብለው ይራመዳሉ። ጥፋቱ የአረማመዳቸው ነው፤ ጥቂትም የወይኑ። "እትዬ፣ እኔ እኮ በንጉሡ ዘመን መድረክ ላይ የፈረንጆቹን ባሌ ዳንስ ሲደንሱ አይቼዎታለሁ! ሲሽከረከሩ ከነፋሱ የተነሣ የፊተኛው ረድፍ በሙሉ ጉንፋን ያዘው!" አልኩ፣ ድንኳኑ ሁሉ እየሰማ። እሳቸው ፈገግ አሉ እንጂ አላስተባበሉም። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ "ባሌሪናዋ" ናቸው።

ዘንድሮ የልጅ ልጃቸው ሰሊና እያለከለከች ቤቴ መጣች። አሥር ዓመቷ ነው፤ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ባሌ ዳንስ ትማራለች። ትምህርት ቤቱ የድሮ ዘመን የዳንስ ልብስ ሊያሳይ ነው፤ እሷም አያቷ ባሌሪና እንደነበሩ ክፍሉ ውስጥ ተናግራለች።

"ጋሼ፣ ሁሉም ላያር፣ ውሸታም እያሉኝ ነው" አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። "አንተ አይተሃታል አይደል? ቅዳሜ መጥተህ ንገራቸው። ፕሊዝ።"

"ምን ጥያቄ አለው!" አልኩ። ምላሴ እኔን አስፈቅዶ አያውቅም።

"ዓባየ ደግሞ የድሮ ቱቱዋን ከሳጥን አወጣችልኝ።" አያቷን የምትጠራቸው እንዲህ ነው።

"ምኗን?"

ቱቱ ማለት፣ ለማታውቁት፣ ባሌሪናዎች ወገባቸው ላይ እንደተከፈተ ጃንጥላ የሚዘረጉት ስስ ቀሚስ ነው። አንዷ ለብሳው ማታቱ፣ የናይሮቢ ታክሲ፣ ብትሳፈር የአራት ሰው ሒሳብ ትከፍላለች።

ጥርጣሬ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እስቲ አስቡት፤ ታሪኩን የፈጠርኩት እኔ ነኝ! ታዲያ ቀሚሱ ከየት መጣ? ውሸታም ሰው ብዙ ነገር ለምዷል፤ የገዛ ውሸቱ ማስረጃ ይዞ ሲመጣበት ግን ምሳ አይወርድለትም። ሴትየዋ ጊኮምባ ገበያ ወርደው ከሚቱምባ ክምር፣ ከዚያ ሁሉ ሰልባጅ መሀል፣ መርጠው ገዝተውታል አልኩ። መነጽሬን ይዤ ሄድኩ።

ዕድሜዬን በሙሉ ጭነት ፈትሻለሁ። ሣጥኑን ሳልከፍት፣ አሽትቼ ብቻ፣ ያሸገው ሰው ቁርሱን ምን እንደበላ እናገር ነበር። ቱቱውን አሸተትኩት፤ የብል መድኃኒት። ገለበጥኩት፤ ሰባት ንብርብር፣ ስፌቱ ጉንዳን የተራመደበት የሚመስል፣ ሁሉም በእጅ። ወገቡ የሕፃን ልጅ ወገብ ነው። አንድ የላብ ነጠብጣብ የለበትም። የወገቡን መቀነት እንዲያጠነክር ከውስጥ የተሰፋው ጨርቅ ደግሞ የዱቄት ከረጢት ቁራጭ ነው፤ የአማርኛ ፊደሉ ገና አልለቀቀም።

"እትዬ፣ ይህ ከጊኮምባ አይደለም" አልኩ። "ነገር ግን ለብሶት የሚያውቅ ሰውም የለም።"

በሩን ዘጉና ሳቁ። "እኔ ነኛ የሰፋሁት! ፒያሳ አጠገብ አንዲት ፈረንጅ የትልልቅ ሰዎችን ልጆች ባሌ ታስተምር ነበር። ልብሱን ሁሉ ከመጋረጃ ኋላ ቁጭ ብዬ የምሰፋው እኔ። ይቺ የመጨረሻዋ ናት፤ ፈረንጇ አገር ለቃ ስትሄድ የሚወስዳት ጠፋ።"

"ታዲያ ያን ዕለት አይቼዎታለሁ ስል ለምን ዝም አሉ?"

"ልብስ ሰፊን ማን ያያል፣ ተስፋዬ? አየሁሽ ያለኝ ሰው አንተ የመጀመሪያው ነህ። ውሸትህን ባውቅም ደስ አለኝ።" ቀሚሱን ዳበስ አድርገው አጠፉት። "ቅዳሜ ታዲያ እንዳታሳፍረን። ልጄን ውሸታም አሰኝተን እንዳንቀር።"

ቅዳሜ ደረሰ። ሰሊና ቱቱውን አቅፋ ፊት ለፊቴ ቆማለች፤ ልጆቹ ተደርድረዋል፤ አስተማሪዋ "እስቲ ያዩትን ይንገሩን" አለችኝ። ተነሣሁ። የሰሊና ዓይን እኔ ላይ ተተክሏል። እመኑኝ፣ ያ ምላሴ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቀ። የእንጨት ማንኪያ የጎረስኩ ነው የመሰለኝ።

እትዬ አብረኸት ከኋላዬ ብድግ አሉ። "እኔ አልደነስኩም" አሉ፣ ቀጥ ብለው። "ሰፋሁት እንጂ።"

ሹክሹክታው ተነሣ። አስተማሪዋ ግን ቀሚሱን ተቀብላ፣ ልክ እንደኔ፣ ገለበጠችው። ወደ ብርሃን አስጠግታ አየችው። ከዚያ ልጆቹን ወደ ስፌቱ ጠራቻቸው።

"ዓባየ፣ ኩዌሊ?" አለች ሰሊና በጣቷ ክሩን እየተከተለች። "እውነት ይሄን ሁሉ በእጅሽ?"

ላያር ሲሏት ከነበሩት ልጆች አንዷ የራሷን ቱቱ አምጥታ፣ የተቀደደውን እያሳየች፣ "ይሄንንስ ይችሉታል?" ብላ ጠየቀች። ሰሊና በአያቷ ፈንታ መለሰችላት፦ "ሺ ካን፣ ትችላለች። ግን መጀመሪያ ሶሪ በይኝ።"

ተረፍን ብዬ ቁጭ ልል ስል ሰሊና ዞረች። "ቆይ፣ ጋሼ፣ አንተ ታዲያ ምን አየህ?"

ክፍሉ ሁሉ ወደኔ ዞረ። አፌን ከፈትኩ። እትዬ አብረኸት ቀደሙኝ።

"እሱማ ረዳቴ ነበር። ቱቱውን ሁሉ የሚተኩሰው እሱ ነው። ሰባቱን ንብርብር አንድ ጭምድድ ሳያስቀር! በከተማው እንደሱ ያለ ተኳሽ አልነበረም።"

ጭብጨባው ሲበርድ አስተማሪዋ ሃያ ሁለት ቱቱ እንዳላቸው፣ ሁሉም እንደተጨማደደ፣ የሚመጣው ቅዳሜ መጥቼ ባስተምራቸው ደስ እንደሚላት ነገረችኝ። ካውያ ይዤ አላውቅም። በየት በኩል እንደሚያዝ እንኳ እጠራጠራለሁ።

ስንመለስ ማታቱው ውስጥ፣ "እትዬ፣ ምን አደረግኩዎት?" አልኳቸው።

ወደ ፊት እንዳዩ፣ ቀጥ ብለው እንደተቀመጡ፣ "ስትተኩስ አይቼሃለሁ እኮ" አሉኝ።